አጠገብህ ሆኜ ልቆጣ

ዶክተር ምስጋና ወረቀት ላይ ወፍራም መስመር አሰመረና ከጎኑ ክብ ነገር ሣለ። «ይኸ ትልቁ የደም ሥር ነው» አለ፣ በእስክሪብቶው ጫፍ እየነካ። «ይኸ ደግሞ ኬሞው አሳንሶት የቀረው ዕጢ። ተጣብቀዋል። የእኛ ሥራ ይኼንን ከዚህ ላይ ቀስ ብሎ መላጥ ነው።»

ዋልልኝ ሥዕሉን አየ። እህቱ አዛለች ግን ያየችው የወንድሟን አንገት ነበር። ከመቅጠኑ የተነሳ የሸሚዙ ኮሌታ የሌላ ሰው ይመስላል።

«ቢያስቸግርስ?» አለች።

«ሊደማ ይችላል። ብዙ ሊደማ ይችላል። ለዚህ ነው ደም አስቀድማችሁ አዘጋጁ ያልናችሁ። ዕጢው ግራ ኩላሊቱንም ተጠግቶታል፤ እሱንም ልናጣው እንችላለን።» ሐኪሙ ቃል አላሳመረም። መንገዱ በየጊዜው ባይዘጋ ኖሮ አዲስ አበባ እንደሚልካቸው፣ አሁን ግን ከባሕር ዳር ከመጣ ሌላ ቀዶ ሐኪም ጋር ሆኖ እዚሁ ደብረ ታቦር ቢሠራው እንደሚሻል፣ መጠበቁ ከሁሉ የባሰ እንደሆነ ነገራቸው።

ዋልልኝ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ልጅስ?» አለ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ።

«አንደኛው የዘር ፍሬ ወጥቷል። የቀረውንም መድኃኒቱ ጎድቶታል። በዚህ ቀዶ ጥገና ደግሞ የምንነካካቸው ነርቮች አሉ። ፈጽሞ አይሆንም አልልህም። ተስፋ አድርግ ብዬም አልዋሽህም።»

ከክፍሉ ወጥተው ግቢው ውስጥ ካለ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ከጉና የሚወርደው ነፋስ አጥንት ይሰረስራል። ዋልልኝ የሱፍ ቆቡን እስከ ቅንድቡ አወረደ፤ ቅንድብ ግን ከረገፈ ቆይቷል።

«እታለም» አላት።

«ወዬ።»

«ብሞት እንዳትነግሪያት።»

አዛለች ለማን እንደሆነ አልጠየቀችም።

«እንደከዳኋት ትወቅ» አለ። «የከዳን ሰው መርሳት ይቀላል። የሞተ ሰው ግን ዕድሜ ልክ ይከተላል። ማይልኝ።»

ከዚህ በፊት ምላለት ታውቃለች። ያንን መሐላ እየተሸከመች ስንት ወር እንደኖረች የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ዛሬ እሱ ቢሞት፣ ውሸቱ ከእርሱ ጋር አይቀበርም፤ ከእሷ ጋር ነው የሚቀረው። ቤት ውስጥ፣ መንገድ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ሠናይትን ባየቻት ቁጥር ብቻዋን የምትጋፈጠው ይሆናል። ያን ስታስበው ከሞቱ እኩል አስፈራት።

«ተነስ፣ ይበርድሃል» አለችው። አልማለችም።

* * *

እናትና አባታቸው ከጉና ሥር ገብስ ሲያርሱ ኖረው በላይ በላዩ ሲሞቱ ዋልልኝ ገና ፊደል አልቆጠረም ነበር። አዛለች አክስታቸው ጋ ትታው ኩዌት ሄደች፤ የሰው ቤት እየሠራች አስተማረችው። ስትመለስ ደብረ ታቦር ላይ አነስተኛ የሴቶች ፀጉር ቤት ከፈተች። እሱም የኤሌክትሪክ ሙያ ተምሮ የከተማውን ሰው መብራት የሚያስገባ፣ መሰላሉን ትከሻው ላይ ይዞ በየሰፈሩ የሚታወቅ ልጅ ሆነ።

ሠናይትን ያገኛት እዚያው ፀጉር ቤት ነው። ያኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች። ሹሩባዋን እየተሠራች ሳለ መብራት ጠፋና አዛለች ወንድሟን ጠራችው። መሰላሉ ላይ ቆሞ ገመዱን ሲነካካ ሠናይት ግማሽ ራሷ ተጎንጉኖ፣ ግማሹ ተበትኖ ቀና ብላ አየችው። እሱም አያትና ሳቀ።

«ምን ያስቅሃል?» አለች ተናዳ።

«ግማሽሽ ቆንጆ ነው» አላት። «ሌላው ግማሽሽ ደግሞ ይብሳል።»

አዛለች በጣቶቿ መሀል የያዘችው የልጅቱ ራስ ሲሞቅ ተሰማት። ከዚያ ቀን በኋላ ሠናይት ሳያስፈልጋት ፀጉሯን ትፈታ፣ ሳያስፈልጋት ትሠራ ጀመር። አዛለችንም «እታለም» ማለት የጀመረችው ከዋልልኝ ተምራ ነው።

አባቷ አቶ ዓለምነው ይፋግ ላይ የታወቁ እህል ነጋዴ ናቸው። ሽማግሌ ሲላክባቸው «ልጄን መሰላል ላይ ለሚውል ሰው አልሰጥም» ብለው መለሱ። ሌላ ሽማግሌ ተላከ፤ እሱንም መለሱ። ሠናይት ግን አንደበቷን ዘግታ፣ ራሷን ምግብ ነስታ፣ ቤቱን ሁሉ አኮረፈችና በመጨረሻ «እንግዲህ እንደ ፈቃድሽ» አሏት። ሠርጉ ለፋሲካ ማግስት ተቆረጠ።

በዚያው ሰሞን ዋልልኝ ከጓደኞቹ ጋር ወንዛዬ ፍል ውሃ ወርዶ ገላውን ሲታጠብ፣ እጁ ከዘር ፍሬው ላይ እንደ ጠጠር የጠነከረ ነገር አገኘ። አያመውም። ስላላመመው ዝም አለ፤ ስላፈረ ደግሞ ይበልጥ ዝም አለ። ለእህቱ የነገራት እብጠቱ ሱሪ አላስገባ ካለው በኋላ ነው። ቀዶ ጥገና ተደረገለት፤ ለሰፈሩ ሰው «ቡአ ነው» ተባለ። ከዚያ ጎንደር ወርዶ ኬሞ ጀመረ።

ለሠናይት ደግሞ በስልክ «ሌላ ሴት ይዣለሁ» አላት።

አላመነችውም። ደብረ ታቦር ድረስ መጥታ ፀጉር ቤቱ በር ላይ ቆመች። ዋልልኝ በዚያች ሰዓት ጎንደር ክንዱ ላይ መርፌ ተሰክቶ ተኝቷል። አዛለች የደንበኛ ፀጉር በእጇ እንደያዘች፣ ቀና ሳትል፣ «እውነቱን ነው። ተይው» አለች።

«አንቺም?» አለች ሠናይት። በሩ ላይ ትንሽ ቆማ ሄደች። ከዚያ ወዲህ የአዛለችን ስልክ አንስታ አታውቅም።

* * *

መንገዱ ተከፍቷል በተባለ ዕለት አዛለች ሚኒባስ ተሳፈረች። ወረታ ላይ መኪና ቀይራ ይፋግ ስትደርስ ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። አቶ ዓለምነው መጋዘናቸው ደጃፍ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሽምብራ ጆንያ ሲጫን ይመለከታሉ።

«እንደምን ዋሉ» አለች እጅ ነስታ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምን እግር ጣለሽ?»

«ከሠናይት ጋር አንድ ጉዳይ ነበረኝ።»

ረጋ ብለው አዩዋት። «ልጄ ታጭታለች» አሉ። «የባሕር ዳር ሰው ነው፤ ደህና ሰው። እናንተ ያደረጋችሁትን ገና አሁን መርሳቷ ነው።»

«አልቆይም፣ አባቴ። ነግሬያት እመለሳለሁ።»

ሠናይት ድምፅ ሰምታ ከውስጥ ወጣች። ከስታለች። ጣቷ ላይ ቀለበት አለ። ሰላም ሳትላት በመጋዘኑ ጀርባ በኩል ቀደመች። አዛለችም ተከተለቻት። መንገዱን ሁሉ ስታሰናዳው የመጣችው ንግግር እዚያ ስትቆም ብን ብሎ ጠፋ።

«ዋልልኝ ሌላ ሴት አልያዘም» አለች። «ካንሰር ነው የያዘው።»

ከዚያ በኋላ ቃሉ በራሱ ወረደ። የት እንደጀመረው፣ ምን እንደተቆረጠለት፣ ጎንደር ላይ ስንት ጊዜ እንዳስታወከ፣ አሁን ደግሞ ሆዱ እንደሚከፈት፣ ሐኪሞቹ ምን እንዳሉ፣ ልጅ የመውለዱ ነገር ምን እንደሆነ፤ ምንም አላስቀረችም። ሠናይት ነጠላዋ ላይ የተጣበቀ የነጭ ሽንኩርት ልጣጭ አንድ በአንድ እየለቀመች ትሰማለች።

«እኔ ፀጉር ቤት ስመጣ» አለች በመጨረሻ፣ «አንቺ ታውቂ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«ቀና ብለሽ አላየሽኝም። በወንድሟ አፍራ ነው ብዬ አዘንኩልሽ።»

«በራሴ ነበር ያፈርኩት።»

ሠናይት ወደ ጣራ ገዳም ደን አሻግራ አየች። «ከዚያ ስመለስ እዚያ ወጥቼ ሱባኤ ያዝኩ» አለች። «ምን ብዬ እንደለመንኩ ታውቂያለሽ? የነጠቀችኝን ሴት ከሥሯ ንቀልልኝ፤ አሳቅቀህ ግደልልኝ አልኩ። ቀን ከሌት ያን ለመንኩ። ሴት አልነበረችም።» ነጠላዋን ጨብጣ ያዘች። «በማን ላይ ነው ስለምን የሰነበትኩት?»

አዛለች ልትነካት እጇን ዘረጋች። ሠናይት ወደ ኋላ አለችና ደህና ሁኚ ሳትል ወደ ቤት ገባች። በሩም ተዘጋ።

ሚኒባሱ ዳገቱን ሲወጣ አዛለች ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደገፈች። ሸክም የሚራገፍ መስሏት ነበር። ከራሷ አንስታ ሌላ ትከሻ ላይ እንደጫነችው ተሰማት እንጂ አንዳች አልቀለላትም።

* * *

ቀዶ ጥገናው ነገ ሊሆን፣ ደሙ አሁንም አልሞላም። የዋልልኝ የሥራ ጓደኞች ሰጥተዋል፤ አዛለችን ግን መርምረው «የአንቺ ራሱ ትንሽ ነው» ብለው መልሰዋታል። ሆስፒታሉ በር ላይ ስልክ ይዛ ሰው ስትለምን አንድ ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ቆመና ከጋቢናው ሠናይት ወረደች።

ሰላምታ አልነበረም። «ምን ጎደለ?» አለች።

«ደም።»

«የት ነው የሚሰጠው?»

አዛለች መራቻት። ሾፌሩም ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ እጅጌውን ሰብስቦ ተከተላቸው። ሠናይት ተኝታ ደሟ ወደ ከረጢቱ ሲወርድ ዐይኗን ከጣራው ላይ አላነሳችም። ሲጨርሱላት ክንዷ ላይ የተለጠፈውን ጥጥ ጫን አድርጋ ይዛ፣ «አሁን ወስጂኝ» አለች።

ዋልልኝ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። የእግር ኮቴ ሰምቶ ዞረና አያት። እጁ መጀመሪያ የሄደው ወደ ቆቡ ነው፤ ትራሱ ሥር ፈልጎ አጣው። ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ሳበ።

«እታለም» አለ እህቱን፣ «ምነው?»

«ልትቆጣኝ ትችላለህ» አለች አዛለች። «መደበቅ አልቻልኩም።»

«ውጪ፣ ሠናይት።»

«አልወጣም።»

«እንዲህ ሆኜ እንድታይኝ አልፈለግሁም።»

«እኔስ ምን እንደምፈልግ ጠይቀኸኛል?» አልጮኸችም። «ተቀምጠህ ብቻህን አሰብክልኝ። ብቻህን ፈረድክብኝ። እኔ ሌላ ሴት አቅፎ ተኝቷል እያልኩ ስቃጠል፣ አንተ ለካ መርፌ አቅፈህ ነው የተኛኸው።»

«ላንቺ ብዬ ነው። ልጅ አልሰጥሽም፣ ሠናይት። ነገሩ ገብቶሻል? ብተርፍም ሙሉ ሰው አይደለሁም።»

«እኔን ምን አድርገህ ነው የምታየኝ? እንደ መሬት? ካልተዘራብኝ ጦሜን የማድር መስሎህ?»

«ልጅ ትፈልጊያለሽ። ስም ሁሉ አውጥተሽ ነበር።»

ይህን ሲላት ሠናይት የአልጋውን ብረት ያዘች። «እፈልግ ነበር» አለች። «አሁንም እፈልጋለሁ። ካንተ ነበር የምፈልገው። የማለቅሰውም እኔ ነኝ፤ የራሴ ለቅሶ ነው። ደብቀህ ብቻህን አልቅስልኝ ብዬሃለሁ?»

«ቀለበትሽን አየሁት።»

«በንዴት ነው ያሰርኩት። ያ ንዴቴ ደግሞ በውሸት ነበር። አሁን ነው በእውነት የተናደድኩት።»

ዋልልኝ ዐይኑን ጨፈነ። ሽፋሽፍት የሌለው ዐይን እንባውን ለአፍታ እንኳ አልያዘለትም። «እንግዲያው ሂጂ» አለ። «ተናደሽ ሂጂ።»

«አልሄድም» አለች። «የመቆጣት ሐቅ አለኝ። አጠገብህ ሆኜ ልቆጣ።»

ወንበሩን ስባ፣ ትከሻዋን ሰጥታው ተቀመጠች። እጁን አልያዘችለትም። ዋልልኝ ብዙ ቆይቶ፣ ከብርድ ልብሱ ሥር ጣቶቹን አውጥቶ የነጠላዋን ጫፍ ያዘ። ሠናይት ተሰማት። አልሳበችውም። አዛለች ከበሩ ላይ ይህን አይታ ወደ ኮሪደሩ ወጣች፤ ደረቷ ውስጥ ያለው ነገር ደስታ ይሁን ፍርሃት መለየት አቃታት።

* * *

በማግስቱ ጠዋት አልጋውን ሲገፉት ዋልልኝ ዐይኑ ሠናይትን ፈለገ። «ይቅር በይኝ» አላት።

«ስትወጣ እንነጋገራለን።»

አስታማሚው እስከተፈቀደለት በር ድረስ ሄዱ። በሩ ሲዘጋ አዛለች ልጅቱ «ይቅር ብዬሃለሁ» ባለማለቷ በልቧ ተቆጣቻት። ቢሞትስ? ፊቷን ስታያት ግን ያን ጥያቄ እሷም ለራሷ እየጠየቀች እንደሆነ ገባት። ሠናይት ከንፈሯን ነክሳ ደም ሊወጣው ደርሷል። ይቅርታዋን መያዣ አድርጋ ያስቀረችው፣ እንዲመለስላት ነበር።

ሰዓቱ አልሄድ አለ። አንዲት ነርስ እየተጣደፈች ወጥታ ደም ይዛ ተመለሰች። ደግማ ወጣች። በሦስተኛው አዛለች ልትጠይቃት ብትነሳ ነርሷ ራሷን ብቻ ነቀነቀች። ከዚያ በኋላ በሩ ዝም አለ፤ ዝምታው ከጥድፊያው ባሰ።

አቶ ዓለምነው የደረሱት በዚህ መሀል ነው። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ቆመው ልጃቸውን አዩ። ሠናይት ተነሥታ ጉልበታቸውን ሳመች።

«ለሰው ቃል ሰጥቻለሁ» አሉ።

«አውቃለሁ፣ አባባ።»

«አንቺም እሺ ብለሽ ነው።»

«እሺ ብዬ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው።» ቀለበቱን ከጣቷ አውጥታ በሁለት እጇ ዘረጋችላቸው። «ለባለቤቱ ይመልሱልኝ። ሰውየው ምንም አልበደለኝም። እንደዚያ ይበሉት።»

ሽማግሌው ቀለበቱን አልተቀበሉም፣ እጃቸውንም አልሰበሰቡም። «ይኸ ልጅ ቢወጣም የሚያልፍለት አይመስልም» አሉ ዝግ ብለው። «ልጅ አትወልጂም። ነገ ባልቴት ብትሆኚ ማን አለሽ? እኔ ሁሌ አልኖር።»

«ሁሉንም ነግረውኛል።»

«እና?»

«እና እዚህ ነኝ።»

አዛለች መሬት መሬት ታያለች። አቶ ዓለምነው ቀለበቱን ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱ። «እንግዲህ ሠርግ ከእኔ አትጠብቂ» አሉ። ትንሽ ሄዱና ተመለሱ። የለበሱትን ጋቢ አውልቀው፣ ማንንም ሳያዩ፣ አግዳሚው ላይ አስቀመጡና በኮታቸው ብቻ ወደዚያ ብርድ ወጡ። ሠናይት ጋቢውን አቅፋ ተቀመጠች። የአባቷ ጠረን ነበረበት። ያን ቀን መጀመሪያ ያለቀሰችው ያኔ ነው።

ዶክተር ምስጋና ሲወጣ የአረንጓዴ ልብሱ ደረት በላብ ርሷል። አዛለች ከአግዳሚው ሳትነሳ ጠበቀችው።

«በሕይወት አለ» አላት። «ብዙ ደም ፈሶታል። ግራ ኩላሊቱን ማዳን አልቻልንም። ከደም ሥሩ ላይ ደግሞ ልንልጠው ያልደፈርነው ትንሽ ቀርቷል። ያወጣነውን ለምርመራ እንልካለን፤ የሞተ ሥጋ ይሁን ያልሞተ የሚነግረን እሱ ነው።»

ሁለቱ ሴቶች «በሕይወት አለ» ከሚለው ቀጥሎ ያለውን የሰሙት ቆይተው ነው።

* * *

ውጤቱ ሲመጣ ዋልልኝ ትራስ ተደግፎ መቀመጥ ጀምሮ ነበር። ዶክተር ምስጋና ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ሐኪም ወንበር ስቦ ሲቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ እዚያ ክፍል ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል።

«አብዛኛው ሞቷል» አለ። «ከፊሉ ግን ሕይወት አለው። ሁለተኛ ኬሞ ያስፈልግሃል፤ ከመጀመሪያው የከበደ። ይሠራል ብዬ ቃል አልገባልህም። እንሞክራለን።»

ሐኪሙ ከሄደ በኋላ ዋልልኝ ሆዱ ላይ ያለውን ፋሻ በመዳፉ ደግፎ ጣራውን ሲያይ ቆየ። ያን የጎንደር ሕንፃ፣ ያን የመድኃኒት ጣዕም፣ ያን ማስታወክ እንደገና እያየው እንደሆነ አዛለች አወቀች።

«ሠናይት» አለ። «እስካሁን የሆንሽልኝ ይበቃል። አሁን ብትሄጂ ማንም አይፈርድብሽም። እኔም አልፈርድም።»

ሠናይት የሾርባውን ሳህን እያማሰለች ነበር። «አፍህን ክፈት» አለችው።

«የምሬን ነው።»

«የምርህን እንደሆነ አውቃለሁ። እኔም የምሬን ነው። ዋሽተኸኛል፤ ያ ከልቤ አልወጣም። ሌሊት ትዝ ሲለኝ አንተን ማነቅ ያምረኛል። ይቅር ስልህ እነግርሃለሁ። ገና ነው።» ማንኪያውን ወደ አፉ አስጠጋች። «እስከዚያ ግን ልትሞትብኝ አትችልም። ክፈት።»

ዋልልኝ አፉን ከፈተ። ሲውጥ ቁስሉን አመመውና ፊቱ ተጨማደደ። ሠናይት ማንኪያውን አስቀምጣ በባዶ እጇ ግንባሩን ያዘችለት። ከመጣች ጀምሮ በእጇ ስትነካው ይህ የመጀመሪያዋ ነው። እጇን አላነሳችውም።

ከዚያ ዞራ አዛለችን አየቻት። «አንቺ ቤትሽ ሂጂና ተኚ» አለች። «ወድቀሽ ሌላ አልጋ እንዳታስይዢኝ። ላንቺም ገና ነው፤ አልጨረስኩም። ግን ተኚ።»

አዛለች ጫማዋን አጥልቃ ወጣች። ግቢውን አልፋ አስፋልቱ ላይ ስትደርስ ጭጋጉ ገና አልገፈፈም፤ ባጃጆች መብራታቸውን አብርተው ያልፋሉ። የወንድሟን ዕጢ ከሰማች ጀምሮ ፊቱ አላለቀሰችም፤ ፀጉር ቤት አላለቀሰችም፤ ጎንደርም፣ ይፋግም አላለቀሰችም። ዛሬ፣ ዕጢው አልሞተም በተባለበት ቀን፣ ሌላ ሰው አልጋው አጠገብ ስላለ ብቻ እንባዋ መጣ። መንገዱ መሀል ቆማ ድምፅ አውጥታ ማልቀስ ጀመረች።

ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ አንዲት አሮጊት ቀረቧትና ክንዷን ያዙ። «ምነው ልጄ፣ ማን ሞተብሽ?»

«ማንም» አለች አዛለች። «ማንም አልሞተብኝም፣ እማማ።»

አሮጊቷ አላመኗትም። ክንዷን ሳይለቁ አብረዋት ቆሙ፤ እሷም የሰው እጅ ክንዷ ላይ እያለ አለቀሰች፣ እስኪወጣላት ድረስ።